ግመል ላይ የወጣው የገና አባት

ሰው መናቅ የተማርኩት በሽምግልናዬ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ሲንቀኝ እንጂ እኔ ሰው ስንቅ ራሴን አላውቀውም ነበር። ያስተማረኝ ቀይ ካፖርት ለብሶ ግመል ላይ የወጣ አንድ ሰውዬ ነው። ነገሩ የሆነው እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው፤ በገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ በበዓሉ ጠዋት አለቀ። አጭር ነገር ነው፤ እኔ ግን አጭር አድርጌ መናገር አልችልበትም። የሚቸኩል ሰው ካለ አሁኑኑ ይሂድ፣ አልቀየመውም።

ስሜ ሙጬ ነው። ሰፈርተኛው አያ ሙጬ ይለኛል። አገሬ ጭልጋ ነው፤ ከትምህርት ፊደል ቆጥሬአለሁ፣ ዳዊት ጀምሬ ሳልጨርስ ቀርቻለሁ። ለሰሊጥ አጨዳ ብዬ መተማን የተሻገርኩት ጎረምሳ ሳለሁ ነው፤ ጢሜ እዚሁ በቅሎ እዚሁ ነጣ። ብዙውን ዘመኔን የሠራሁት በሐጅ ኢድሪስ የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ቤት ነው። እዚህ ዐሳራ ይሉታል። ሰሊጡ እንደ ሙቀጫ በተቦረቦረ ትልቅ ግንድ ውስጥ ይገባል፣ ዘነዘናውን ግመል ዙሪያውን እየዞረ ያሽከረክረዋል። ግመሉ መብሩክ ይባላል። ራሱን እንዳያዞረው ዓይኑን በሰሌን ክዳን እንሸፍነዋለን። ዓይኑ ከተሸፈነ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው፤ ይዞራል፣ ሐጅ ኢድሪስ ራሳቸው ካላስቆሙት በቀር አይቆምም። ከዐሳራው ደጃፍ ቆሞ ዘይት የገዛ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልጃችን ትንሽ እያለ አንድ ልማድ አመጣች። ልጁ «ኢየሱስ የተወለደው በረት ውስጥ ከሆነ፣ እኛ ጋ ከብት የለም፤ ታዲያ ገና በምን ይታወቃል?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ጥቂት አሰበችና «እኛ ጋ ሰብአ ሰገል ናቸው የሚያልፉት። ከምሥራቅ የመጡት ነገሥታት መንገዳቸው በገዳሪፍ ነው፤ ግመል ያለው እዚህ አይደለም?» አለችው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየገናው ዋዜማ የሰፈሩ ልጆች አንድ ጭብጥ የማሽላ አገዳ በየበራቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ሌሊቱን ከእናታቸው ጋር ቤተ ክርስቲያን አድረው ጠዋት ሲመለሱ አገዳው ተበልቷል፣ ደጃፉ ላይ በተነጠፈው አሸዋ የግመል ኮቴ አለ፣ በአገዳው ፈንታ ሲምሲሚያ ተቀምጧል። ሲምሲሚያ ማለት በስኳር የተጋገረች የሰሊጥ ጣፋጭ ናት። ግመሉን ጎህ ሲቀድ ይዤ የማልፈው እኔ መሆኔን መናገር አያስፈልገኝም፤ እናንተ ልጆች አይደላችሁም።

ጥሩወርቅ ከሞተች በኋላ ልማዱ ቀርቶ ነበር። የልጄ ሚስት ብርቱካን ሁለት ልጆቿን ይዛ ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ እኔ ጋ ስትገባ ግን እንደገና ጀመርነው። ልጄ ፋሽጋ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል፤ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ትልቋ ማስተዋል ስምንት ዓመቷ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ሳሚ አምስት። ሳሚ ካርቱም ስለተወለደ አያቴ ለማለት በዐረብኛ ጂዱ ይለኛል። እነዚህ ልጆች ሲመጡ የረክሻ፣ የባጃጅ ማለቴ ነው፣ ጭስ ማውጫ በፈነዳ ቁጥር አንገረብ የምንለው የጠፍር አልጋ ሥር ይገቡ ነበር። ብርቱካን አንድ ቀን «አባባ፣ አንዲት ቀን እንኳ የሚጠብቋት ነገር ይኑራቸው» አለችኝ። ያቺ ቀን ገና ሆነች። ልጆቹ ከኅዳር ጀምሮ አገዳ ይመርጣሉ፤ ይህ ወፍራም ነው፣ ይህ ደርቋል፣ ይህን ንጉሡ አይወደውም እያሉ ይከራከራሉ። በሚከራከሩበት ጊዜ ረክሻ ቢፈነዳም ቀና አይሉም። እኔ ከዚህ የበለጠ ነገር አልፈልግም ነበር።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ።

ጌጡ ይባላል። ከእኛ ሁለት በር አልፎ ነው ቤቱ። የስልክ ሱቅ አለው። ማንም ሳይመርጠው የበዓል ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኗል። ኮሚቴው ውስጥ ከሰብሳቢው ሌላ ሰው አይቼ አላውቅም። ጥሩ ጫማ ያደርጋል፤ ይህን አልክድም። ከጫማው በላይ ያለውን ግን እግዜር ሲሠራው ሳይቸኩል አልቀረም። በዕድሜ ልጄ ነው። ቢሆንም ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ እኔ አንቱ እለው ነበር። ያኔ እንደዚያ ነበርኩ። ጮክ ብሎ ለሚናገር ሁሉ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ቦታ እለቃለሁ።

በዓሉ ሲቃረብ መጣና ፊቴን ትክ ብሎ አየው።

«አያ ሙጬ፣ ጢምዎን እፈልገዋለሁ።»

«ጢሜን ምን ያደርጉታል?»

«ከጦርነት ለሸሹ ሕፃናት ዝግጅት አዘጋጅቻለሁ። የገና አባት ሆነው ይቀርባሉ። እንደርስዎ ያለ ጢም በገንዘብ አይገኝም፤ ጥጥ እንቆጥባለን። በስልክ በቀጥታ ይተላለፋል፤ ውጭ አገር ያለው ወገናችን አይቶ እጁን ይዘረጋል።»

«እኔ ቀይ ልብስ ለብሼ?»

«ሆ ሆ ሆ ብለው ይስቃሉ፤ ሌላ ሥራ የለብዎትም።»

«ምኑ ነው የሚያስቀው?»

ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «አንቱ እኮ ልጆቹን በግመል ተረት እያደነዘዙ ነው። በወንጌል ሰብአ ሰገል በግመል መጡ የሚል ቃል የለም። ደግሞም ሕፃን እውነት ይነገረዋል እንጂ አይታለልም» አለኝ። ከሰሜን ዋልታ በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ የሚመጣ ሽማግሌ አድርጎ ሊያቆመኝ የመጣ ሰው ነው ይህን የሚለኝ። ያኔ መልስ አልመጣልኝም። እሱ ዝምታዬን አላዋቂነት አድርጎት ሄደ።

የዋዜማው ዕለት ከሰዓት በኋላ ግቢያችን በልጅ ሞላ። ጌጡ ከካርቶን ውስጥ የላስቲክ ዛፍ አውጥቶ ገጣጠመ፤ ቅርንጫፎቹ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ይመስላሉ። አንድ ጎረምሳ ስልክ ይዞ ይቀርጻል። ጌጡ ካፖርቱን ለበሰ። ከመጋረጃ ጨርቅ የተሰፋ ነው፤ የመጋረጃው ቀለበት ማለፊያ ጫፉ ላይ እንዳለ ነበር። አገጩ ላይ የፋርማሲ ጥጥ በፕላስተር ለጠፈ። ፀሐዩን ታውቁታላችሁ፤ የእኛ ክረምትና በጋ ልዩነቱ ስሙ ላይ ነው። ላቡ ፕላስተሩን እያላቀቀ ጥጡ በየጊዜው አፉ ውስጥ ይገባ ነበር። ልጁ ቤዛ፣ የሳሚ እኩያ ናት፣ ከልጆቹ ፊት ቆማ አባቷን በኩራት ታየዋለች።

ልጆቹ ግን ጸጥ አሉበት። ሆ ሆ ሆ ሲል አንዱ ሕፃን አለቀሰ።

ጌጡ ጎረምሳውን ጠራና በጆሮው አንሾካሾከ። ትንሽ ቆይቶ የግቢው በር ተከፈተና መብሩክ እየተሳበ ገባ። ከአንገረቤ ላይ ሆኜ ነበር የማየው፤ ክው አልኩ። በኋላ እንደሰማሁት ሐጅ ኢድሪስ ዐስር ለሚሉት የከሰዓት ሶላት መስጊድ በሄዱበት ሰዓት ለሠራተኛቸው «አያ ሙጬ ልከውኝ ነው» ብሎ ነው ያስወጣው። ሰው እውነት ይነገረዋል ያለው ሰውዬ ማለት ነው።

ሳሚ ግመሉን ሲያይ እየዘለለ ወደ እኔ ሮጠ። «ጂዱ! ጂዱ! የነገሥታቱ ግመል! ቀድሞ መጣ! ወላሂ ቀድሞ መጣ!»

ሌሎቹም ልጆች «የነገሥታቱ ግመል! የነገሥታቱ ግመል!» እያሉ ተንጫጩ። ከተሰበሰቡ ጀምሮ መጮኻቸው ገና ያኔ ነው። ያ ጩኸት ለእሱ አለመሆኑ ጌጡን አናደደው። ወደ ስልኩ ዞሮ፣ ጥጡን ከአፉ አውጥቶ፣ እንዲህ አለ፦

«ልጆች፣ ስሙኝ። ይህ ግመል የዘይት ቤት ግመል ነው። ሰብአ ሰገል በገዳሪፍ አያልፉም። የሉም። አገዳውን የሚያነሡት፣ ግመሉን የሚስቡት አያ ሙጬ ናቸው። ሲያታልሏችሁ ነው የኖሩት። እውነተኛው የገና አባት ይኸውላችሁ፣ እኔ ነኝ!»

እንግዲህ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ብዙ ክፉ ነገር አይቻለሁ። ተዘርፌአለሁ፣ ታስሬአለሁ፣ ሰው ቀብሬአለሁ። ግን የሳሚ እጅ ጉልበቴ ላይ ነበረች፤ ያቺ እጅ ቀስ ብላ ስትነሣ ተሰማኝ። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። እጁን ብቻ አነሣ። ማስተዋል ደግሞ እኔን አላየችም፤ መሬት መሬት አየች። ብርቱካን ከበሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀዘቀዘ። ንዴት መስሎኝ ነበር። ንዴት ትኩስ ነው፤ ይህ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ አይቸኩልም። ንቀት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ጌጡ ግመሉን አንበረከከው። አንድ ነገር ግን አላማረውም፤ ግመሉ ከካፖርቱ ጋር አልሄደም። «ቪዲዮው ላይ እንዲያምር» አለና የተረፈውን ቀይ መጋረጃ ወስዶ የመብሩክን ግንባር ከነዓይኑ ጠቅልሎ አሰረለት። በአበባም አስጌጠው።

ጌጡ ሠላሳ ዓመት ገዳሪፍ ኖሯል። በየሳምንቱ ዘይት የሚገዛው ከዚያው ዐሳራ ነው። ግመል ዓይኑ ሲሸፈን ምን እንደሚያደርግ አንዲት ቀን ልብ ብሎ አላየም። ላስቆመው እችል ነበር። ጉልበቴ ያመኛል፤ ያልተነሣሁት ግን በጉልበቴ ምክንያት አይደለም።

ወጣበት። መብሩክ እንደ ግመል ወግ በኋላ እግሩ መጀመሪያ ተነሣ፤ የገና አባት በአፍንጫው አንገቱ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ግመሉ ቆሞ አንድ ጊዜ ተነፈሰና ሥራውን ጀመረ። ወደ ግራ። በላስቲኩ ዛፍ ዙሪያ።

መጀመሪያ ጌጡ የራሱ ዕቅድ አስመስሎ እጁን እያወዛወዘ «ሆ ሆ ሆ» አለ። አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለተኛ ሲዞር «እሺ ይበቃል» አለ። ሦስተኛውን ሲዞር «ቁም! ቁም አንተ!» ጀመረ። መብሩክ አማርኛ አያውቅም፤ ቢያውቅም ከእሱ ትእዛዝ አይቀበልም ነበር። የዛፉን ገመድ ረግጦ ጎተተው፤ ዛፉ እየተንከባለለ አብሮ መዞር ያዘ። ጥጡ ተነቅሎ ዓይኑ ላይ ተለጠፈበት፤ አሁን ግመሉም ጋላቢውም ዓይናቸው የተሸፈነ ሆነ። ጎረምሳው መቅረጹን አላቆመም።

«አስቁሙት! ሰው የለም ወይ! አያ ሙጬ! አያ ሙጬ!»

ማስተዋል ቀና አለች። ግመሉን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ከልቧ ጠየቀችኝ፦

«አባባ፣ አሁን እኮ ዘይት ሊወጣው ነው?»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ያለቀሰው ሕፃን እንኳ ሳቀ። ቤዛ ብቻ አልሳቀችም። ጣቷን አፏ ውስጥ አድርጋ ከአባቷ ኋላ ኋላ ትዞር ነበር።

ሐጅ ኢድሪስ ሳቁን ሰምተው ገቡ። በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም አዩ። አልጠየቁም። ወደ ግመሉ ጠጋ ብለው «ኢኽ» አሉ፤ መብሩክ ቀጥ አለና ተንበረከከ። መጋረጃውን ፈቱለት። ጌጡ ወረደ ልበል፣ ፈሰሰ ልበል፤ ጀርባውን ይዞ ቀረ።

ሳሚ ከሰው መሀል አልፎ ሐጅ ፊት ቆመ። በዐረብኛም በአማርኛም እየቀላቀለ ጠየቃቸው፦ «ያ ሐጅ፣ ይህ ግመል የእርስዎ ነው? የነገሥታቱ አይደለም?»

ሐጅ ሙስሊም ናቸው፤ የኛ ገና አይመለከታቸውም። በየዓመቱ ግመሉን ስወስድ «ለምን?» ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም ነግሬአቸው አላውቅም። አዎ የኔ ነው ቢሉ እውነታቸውን ነው፣ ነገሩም ያኔውኑ ያበቃል።

ሐጅ ጢማቸውን ያዙ። ጎንበስ ብለው ሳሚን አዩት። አማርኛቸው ሰባራ ነው፤ ግን ይገባል።

«ግመሉ የኔ ነው፤ አልዋሽህም። ግን አንድ ነገር አለ። በየዓመቱ በናንተ ዒድ ጠዋት ስመጣ መብሩክ ደክሞ አገኘዋለሁ። እግሩ ላይ አፈር አለ። የገዳሪፍ አፈር ምን ዓይነት ነው?»

«ጥቁር!» አሉ ልጆቹ።

«እግሩ ላይ ያለው ቀይ ነው። ይህ አፈር ከየት መጣ? እላለሁ። ማን ወሰደው? ብዬ ግን አልጠይቅም። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ግመሉ ደክሞበት የኔን ቢዋስ፣ ደግሞ ንጉሥ ከሆነ፣ ይጠየቃል? ዐይብ ነው፣ ነውር።»

ሳሚ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ፊቱ በራ። «ተዋሱት ማለት ነው! ማስቱ፣ ተውሰውት ነው! የነሱ ግመል ደክሞት ነው!»

ጌጡ ጀርባውን እንደያዘ «ሐጅ፣ ሕፃን ማታለል በናንተስ ሐራም አይደለም?» አለ።

ሐጅ ቀና ብለው አዩትና «ያ ጌጡ፣ ግመሌን በሰው ስም ዋሽተህ አስወጥተህ፣ ስለ ሐራም አንተ ታስተምረኝ?» አሉት። ከዚያ ግመላቸውን ይዘው ወጡ። ጌጡም ካፖርቱን ክንዱ ላይ ጥሎ፣ የዛፉን ግንድ እየጎተተ፣ ልጁን በእጇ ይዞ ሄደ። ቤዛ እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ እያየች ወጣች።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ሳቅ ብቻ ይሆን ነበር፤ እኔም አልጽፈውም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በር ላይ ተቀምጬ ነበር። ልጆቹ አገዳቸውን አስቀምጠው ለቤተ ክርስቲያን ሊለባብሱ ገብተዋል። ቤዛ ብቻዋን መጣች። በሁለት እጇ አገዳ ታቅፋለች፤ ግማሹ ከነሥሩ ነው፣ ከየትም ነቅላው ይሆናል።

«ለማን ነው ይህ?» አልኳት።

«ለግመሉ። እዚህ ከነሱ ጋ ላስቀምጠው?»

«በእናንተ በር ላይ አስቀምጪው እንጂ፣ የኔ ልጅ።»

«በእኛ በር አያልፉም።»

«ለምን?»

«አባዬ የሉም ብሎ ሰደባቸው። ሰምተውታል።» አገዳውን ወደ እኔ ዘረጋች። «የኔ መሆኑን ግን ንገርልኝ። ቤዛ አልሰደበችም በልልኝ።»

እዚህ ያደገ ልጅ አንቱ ማለት አያውቅም፤ አልከፋኝም። አገዳውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። ብቀበላት ምን ማለት ነው? በአባቷ ምክንያት ነገሥታቱ በርዋን ዘለሉት ማለት ነው። አምስት ዓመቷ ነው። ሌላው ልጅ ሁሉ ነገ ጠዋት ሲጮህ እሷ የሰው በር ላይ ቆማ ልታይ ነው። ልጆቹ ማመናቸውን ሐጅ አትርፈውልኛል፤ እሷም ታምናለች። የማመኗ ትርፍ ግን የአባቷን ዕዳ መሸከም ሆነባት።

«ስሚ» አልኳት። «ነገሥታት በር አይዘሉም። ባለጌ ቤት እንኳ ቢሆን ያልፋሉ። በራችሁ ላይ አስቀምጪው።»

«እውነት?»

«እውነት።»

ከሄደች በኋላ ራሴን ታዘብኩት። ያንን ሰውዬ በር ድረስ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ግመል ልጎትትለት ነው? ሌላ መፍትሔ ስፈልግ አመሸሁ። አልተገኘም።

ሰማዩ ሊቀላ ሲል ወደ ዐሳራው ሄድኩ። እናቶቹም ልጆቹም ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ሐጅ ኢድሪስ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በፊት ተነሥተው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለዋል። ፊታቸው ቀይ ሸክላ ጡብ በድንጋይ ተፈጭቶ ተቀምጧል። የመብሩክን እግር በውኃ እያራሱ ዱቄቱን ይቀቡታል።

«ይህ ምንድን ነው ሐጅ?»

«ትናንት በልጆች ፊት ውሸት ተናግሬ አደርኩ» አሉኝ፤ «ዛሬ እውነት ላድርገው እንጂ፣ ያ ሙጬ።»

ከእሳቸው ጋር እንደዚያ ጠዋት ስቄ አላውቅም። መብሩክን ይዤ ወጣሁ። የኛንና የሌሎቹን ልጆች በር አለፍን፤ አገዳውን በላ፣ ሲምሲሚያውን አስቀመጥኩ፣ ቀይ ኮቴ እንደ ማኅተም ቀረ። ከዚያ ወደ ጌጡ በር አቀናሁ።

በሩ ላይ የተጎነበሰ ሰው አየሁ። ሌባ መስሎኝ ቆምኩ። ጌጡ ነው። በካኔቴራና በሽርጥ፣ አንድ እጁ ጀርባው ላይ፣ በሌላው የብረት ጎድጓዳ ሳህን ይዟል። አሸዋውን በውኃ አርሶ ሳህኑን እየደፋ ይጫናል፣ ያነሣል፣ ይጫናል። በሩ ፊት ለፊት ክብ ክብ ነገር ሞልቷል። የልጁን አገዳ የተበላ እንዲመስል በግንቡ ላይ አሻግሮ ወርውሮት የልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ተንጠልጥሏል።

እኔን ሲያይ ሳህኑን ከኋላው ደበቀ።

«ምን ትሠራለህ?» አልኩት። አንተ ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለታችንም ሰማነው።

«ስታለቅስ ነው ያመሸችው» አለ። ድምፁ ትንሽ ነበር። «እናቷ እያባበለች ነው ቤተ ክርስቲያን የወሰደቻት።»

«ይህ ምንድን ነው?»

«ኮቴ።»

«የምን?»

«የግመል ነዋ። አይመስልም?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። «የምንቸት ቂጥ ነው የሚመስለው። ትናንት ሲዞርብህ ስንት ጊዜ አየኸው? ግመል ሁለት ጣት አለው፣ ሰውዬ። ትንሽ ልጅ የሚያውቀውን!»

ሳህኑን መሬት አስቀመጠ። እንዲያ ቆሞ ሳየው፣ ያለ ጫማ፣ ያለ ሸሚዝ፣ ያለ ስልክ፣ ላዝንለት ይገባ ነበር። ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ሰው ሁሉ ፊት «የሉም» ያለውን አፍ አሁን በጨለማ በሳህን ሊጠግነው ነው። እውነት እውነት እያለ የሰው ልጆችን ያስደነገጠ ሰው፣ እውነቱ የገዛ ልጁን ሲያስለቅስ ሳህን ይዞ ወጣ። የሌላው ልጅ ለቅሶ ለቪዲዮ ነው፤ የሱ ልጅ ለቅሶ ግን ለቅሶ ነው።

«ዞር በል» አልኩት።

ዞር አለ። ሳህን የደፋበትን በእግሬ ጠረግሁና መብሩክን ቀስ አድርጌ አሳለፍኩት፤ አንድ ጊዜ ወደዚያ፣ አንድ ጊዜ ወደዚህ። አገዳው ከሽቦው ላይ ይውረድ አልኩት፤ አወረደ፣ በገዛ እጁም ለግመሉ አበላ። መብሩክ አላኮረፈበትም፤ እንስሳ ከኔ ይሻላል። ኪሴ ውስጥ አንዲት ሲምሲሚያ ነበረች፤ ደፉ ላይ አስቀመጥኩ።

«አያ ሙጬ» አለኝ፣ «ለምን መጡልኝ?»

«ለአንተ አልመጣሁም።»

ሄድኩ።

ፀሐይ ስትወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ተበተነ። ሳሚና ማስተዋል በር ላይ ደርሰው «ቀይ ነው! ሐጅ እንዳሉት ቀይ አፈር ነው!» እያሉ ሲጮኹ፣ ከሁለት በር ማዶ ሌላ ጩኸት መጣ። የቤዛ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሰማው ይመስለኛል፦

«አባዬ! አባዬ ተነሥ! በእኛም በር አልፈዋል! ይቅር ብለውሃል!»

ጌጡ ምን እንዳላት አልሰማሁም። ትልቅ ድምፅ የነበረው ሰውዬ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ለትልቅ ድምፅ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም። ስብሰባ ላይ ሰው ሲጮህ ጫማውን አይቼ ዝም እላለሁ፤ የበፊቱ ዝምታ ግን አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ትሕትና ነው ብዬ የያዝኩት ብዙው ነገር ፍርሃት እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ደግሞ «ሕፃን እውነት ይነገረዋል» የሚሉኝን ሰዎች አሁን መልስ አላጣላቸውም። የትኛውን እውነት? እነዚህ ልጆች ከካርቱም ሲመጡ መንገድ ላይ ያዩትን? እውነት እኮ ለልጅ አያጥረውም፤ ሳይጠራ፣ በር ሳያንኳኳ ይገባበታል። ተውሶና ለምኖ የሚያመጣለት ሰው የሚያስፈልገው ሌላው ነው። ልጅ ያላችሁ፣ በየትም አገር ብትሆኑ፣ በሩ ላይ አንድ ነገር አሳልፉለት፤ ግመል ከሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። ቪዲዮ ግን አትቅረጹ።

ጌጡ ዛሬም ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፤ በየገናው ዋዜማም በሩን ጠርጎ አሸዋ ያለሰልሳል። ሰዎች «አያ ሙጬ፣ አሁንስ ታረቁት፣ ተለውጧል» ይሉኛል። ቤዛ ያለችው እውነት ነው፤ ነገሥታቱ ይቅር ብለውታል። እኔ ንጉሥ አይደለሁም።